ሁለት ዓይን ያለው ይቆይ

ዜናው ሲደርሰኝ የመግሽ ድስት እየፈተግሁ ነበር። መግሽ እዚህ ጂዛን ሥጋና አትክልት የሚንፈቀፈቅበት የድንጋይ ድስት ነው። ድንጋይ ስለሆነ አይሰበርም ይላሉ። እኔ በገባሁበት ቤት ግን ሁለት ተሰብሯል፤ ሁለቱም ጊዜ እኔ በአጠገቡ ነበርኩ። ሦስተኛውን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፌ ስፈትግ የቤቱ ጌታ ባባ ያሕያ ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆሙ። ከዒዳቢ፣ ከልጃቸው የማንጎ እርሻ ገና መመለሳቸው ነው፤ አቧራው ከጫማቸው አልተራገፈም። ፊታቸው ግን በርቷል።

«ልጄ፣ ሐሙስ እንግዳ ይመጣልናል። ከጅዳ ድረስ። መጻሕፍቴን ሊያይ ነው» አሉኝ።

«እንኳን መጣልዎ ባባ። ያነባቸዋል?»

«ማንበብ ምን ያደርግለታል! ሽፋናቸውን ነው የሚያየው። ሥዕሉን! የድሮ መጽሐፍ ሽፋን ለማየት አገር የሚያቋርጥ ሰው መኖሩን ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ሦስተኛውም ድስት ያኔ ሄደ።

ድስቱ ለምን እንደ ሄደ እንዲገባችሁ ስለ መጻሕፍቱ ማውራት አለብኝ፤ ስለ መጻሕፍቱ ለማውራት ደግሞ ስለ ባባ ያሕያ። በዓረብኛ አንቱታ የለም፤ ለሽማግሌውም ለድመቱም «አንተ» ነው። እኔ በአፌ አንተ እያልኩ በልቤ አንቱ ስላቸው ኖሬያለሁ። ባባ ያሕያ በጉብዝናቸው ጂዛን ወደብ ላይ ጆንያ ሲራገፍ ይቆጣጠሩ ነበር። የውጭ አገር መርከበኞች አንብበው የጨረሱትን መጽሐፍ ለእሳቸው ይተዉላቸዋል፤ አንዱ በማንጎ፣ አንዱ በቀዝቃዛ ውኃ፣ አንዱ እንዲያው በሰላምታ። መርከበኛ ምን ያነባል? ከባሕር የባሰ ቦታ ስለ ሄደ ሰው ያነባል መሰለኝ፤ መጻሕፍቱ በሙሉ በሰማይ መርከብ ከኮከብ ኮከብ ስለሚዞሩ ሰዎች የሚያወሩ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ናቸው። ኪስ የሚገቡ፣ ቅጠላቸው እርድ የመሰለ፣ ሲገልጧቸው እንደ አሮጌ ደረት ኸር ኸር የሚሉ።

ውስጣቸው ምን እንዳለ አላውቅም። ሽፋናቸውን ግን በየሳምንቱ አቧራ ስለማራግፍ ከነኃጢአታቸው አውቃቸዋለሁ። ሰማዩ ወይን ጠጅ ነው፣ አሸዋው ብርቱካን። ጨረቃ እንደ ሎሚ ተበትኗል። እኛ በአንዲቱ ጨረቃ ስንቱን ጾምና ስንቱን በዓል ቆጥረን ስንኖር እነሱ በሦስት ጨረቃ ሥር አንድ ቅዳሜ እንኳን በሰላም የዋሉ አይመስሉም፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር እየፈነዳ ነው። ሴቶቹ ለሰማይ መንገድ የለበሱት ጭልፋ የመሰለ ብረት ደረታቸው ላይ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወራ ልብስ የለም። ሁሉም ይጮኻሉ። እንዲያ ለብሼ ብወጣ እኔም እጮህ ነበር።

የባባ ባለቤት ማማ እነዚህን መጻሕፍት አይወዱም። «ሥዕል ባለበት ቤት መልአክ አይገባም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሥዕል በሌለበት ቤት መልአክ ይደናገረዋል እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። በሰው ቤት መልአክ አልከራከርም። ልጆቻቸውም ቢሆኑ ሲመጡ ወደዚያች ክፍል እያዩ «የባባ ጂኒዎች እንዴት ናቸው?» ብለው ይስቃሉ። ባባም አብረው ይስቃሉ። ሲስቁ ግን መጻሕፍቱን በእጃቸው ያስተካክላሉ፤ እንደተሰደበ ልጅ ትከሻ መታ መታ ያደርጓቸዋል።

ታዲያ ባባ ወደ ዒዳቢ ከመሄዳቸው በፊት ባልና ሚስቱ ታረቁ። እርቁ እንዲህ ነበር፤ ሸይጣን ያለበት መጽሐፍ ይወጣል፣ ሸይጣን የሌለበት ይቆያል። «ለሸይጣን አላለቅስም» አሉ ባባ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። ማማ ደግሞ ሥዕሎቹን በዓይናቸው ላለማየት ስለማሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ አላህን ትፈሪያለሽ፤ ሸይጣንን ስታዪው ታውቂዋለሽ። ለይተሽ አውጪና ቅዳሜ በሚፋው አቃጥዪው» አሉኝ። ሚፋ ግቢ ውስጥ ያለው የሸክላ ምድጃ ነው፤ ዳቦም ሥጋም ይጋገርበታል፣ ዘንድሮ ደግሞ ሸይጣን ሊጋገርበት ነው።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተከብሬ አላውቅም። ፍርድ ተሰጠኝ እኮ! ሌላ ሰው ቢሆን ገምቶ ይለያል፤ እኔ ግን ጥንቁቅ ነኝ፣ ያለ ሕግ ሽንኩርት እንኳን አልለይም። ሕጉን ደግሞ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። በአገሬ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ቁመን የኔታ በመቋሚያቸው እያመለከቱ ነግረውናል፤ ጻድቅ ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፣ ኃጥእ ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። መልአኩ ሁለት፣ ከእግሩ ሥር የተረገጠው አንድ። ቅዱሱ ሁለት፣ የሚያሠቃየው ወታደር አንድ። የትም አገር የተሣለ ሥዕል ከዚህ ሕግ ይወጣል ብዬ ማሰብ ከየት ይምጣልኝ? ሠዓሊ ሁሉ የኔታ ያስተማሩት ይመስለኝ ነበር።

በሩን ዘጋሁ፣ አማተብኩ፣ አንድ ካርቶን አጠገቤ አስቀመጥኩ፣ ችሎቱ ተጀመረ።

መጀመሪያ የቀረበው አንድ አረንጓዴ ፍጡር ነው። ራሱ ሐብሐብ ያህላል፣ ጣቶቹ እንደ ጎመን ሥር ተንዠርግገዋል፣ ምራቁ ይወርዳል። ልለው የነበረውን ብዬ ልጥለው ስል ዓይኑን አየሁ። ፊት ለፊት ነው የሚያየኝ። በሦስት ዓይን! በሁለት የሚጸደቅ ከሆነ በሦስት እንዴት ይኮነናል? ይቅርታ ጠይቄ መደርደሪያው ላይ ከፊት አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የብር ልብስ የለበሰ፣ ጥርሱ ያማረ፣ ለሴት ልጅ ቢሰጡት የሚያስመሰግን ጎበዝ መጣ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ አንዲት ኮከብ ያያል። በጎን! አንድ ዓይን! ልቤ እያዘነ ወደ ካርቶኑ።

ስምንት ዓይን ያለው ሸረሪት፣ በክብር ይቆይ። የሚጮኹት ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ነው የሚጮኹት፤ አንድ በአንድ ወደ ካርቶኑ፣ በዚህስ ሕጉን አመሰገንኩት። መንኮራኩሮቹ ዓይን የላቸውም፤ ዓይን የሌለው ምን ኃጢአት አለበት፣ እንደ ሕፃን ይታለፉ። ግንባሩ ላይ አንዲት ቀይ አምፖል ያለችው የብረት ሰው አስቸገረኝ። ፊት ለፊት ነው የቆመው፤ ግን አንድ ነች። እስኪመሽ አስቀምጬው በመጨረሻ ሕግ ይከበር ብዬ ላክሁት። ከሁሉ የከበደኝ አንገቱን ጨምሮ ራሱን በክብ ብርጭቆ የሸፈነው ነበር። ብርጭቆው ያበራል፤ አክሊል ነው እንዳልል በጎን ነው የተሣለ፣ ኃጥእ ነው እንዳልል አክሊል አለው። እንዲህ ዓይነት ሰው በአገራችንም አይጠፋም። እሱንም ላክሁት።

ስጨርስ ቆሜ አየሁት፤ ደስ አለኝ። መደርደሪያው ላይ የቀሩት በሙሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል፤ አረንጓዴው፣ ፀጉራሙ፣ እንደ ኮሶ ትል የተጠማዘዘው፣ ክንፍና ጥርሱ የተደባለቀው። ጻድቃን ሁሉ! ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሰው የተባለ ሁሉ ነበር።

በማግስቱ አርብ ነው፤ በዚያ ላይ ማርያም ነበረች። ማማ ወደ እህታቸው ስለሚሄዱ፣ በአካባቢው የምንሠራ ሴቶች ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን በለሆሳስ እንድንጸልይ ይፈቅዱልኛል፤ «ጸልዩ፣ ግን አትዝፈኑ» ይላሉ፣ መዝሙርን ነው እንዲያ የሚሉት። የዚያን ቀን የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ከዳማድም ከዒዳቢም፣ ስማቸውን በቅጡ የማላውቃቸው ሁሉ። የማውቃቸው ሦስቱ ናቸው፤ የአዲስ አበባዋ ጥሩዬ፣ ምላሷ ከመቀስ የፈጠነ፤ ከዓሪዳ ኮረብታ የመጡት የወሎዋ እትዬ ዘነቡ፣ የአሠሪዎቻቸውን ልጆችም ፍየሎችም እኩል የሚያሳድጉ፤ እና ትንሿ የሺ፣ እናቷ በስልክ «መቼ ነው የምታገቢው?» እያሉ ጆሮዋን ያሰለቿት።

ካርቶኑ ከሚፋው አጠገብ ተቀምጧል። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ በኩራት ነገርኳቸው።

«አበስኩ ገበርኩ!» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ጎበዙን አንስተው። «እንዴው አንቺ፣ ይሄ የተባረከ ልጅ ነው ሰይጣን?»

«ዓይኑን ይቁጠሩት እትዬ።»

ቆጠሩት። «አንድ ነው» አሉ በሐዘን።

«ሰይጣን ድሮም መልከ መልካም ነበር፤ ያበላሸው ጠባዩ ነው» አለች ጥሩዬ። «ይህችን እዪልኝ፣ ይህችን! ወገቧ! ምን በልታ ነው?»

«ጥሩዬ፣ ማርያም ናት ዛሬ!»

«ወገብ አልኩ እንጂ ሌላ አልኩ?»

ጸለይን። ሻይና ዳቦ ቀመስን። አንድ በአንድ «እግር ላፍታታ» እያሉ ወደ ግቢው ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። እኔም እግዜር ይስጣቸው፣ አየሩን ፈለጉት አልኩ፤ በጂዛን ሙቀት ማን አየር ፍለጋ ወደ ፀሐይ እንደሚወጣ አልጠየቅሁም። ማታ ካርቶኑን ሳነሳው ቀለለኝ። ከፈትኩት። ባዶ! አንድም የለ!

እናንተ ምን ባላችሁ አላውቅም። እኔ ተንበርክኬ አለቀስኩ። በጸሎታችን ተነነ! ሰይጣን ካርቶን ሙሉ ሆኖ ገብቶ በአንድ ጸሎት አመድ ሳይተርፈው ጠፋ! ለማማ ቅዳሜ ጠዋት «ኸላስ፣ የሉም» አልኳቸው፤ ስላልዋሸሁ ኅሊናዬ ረጋ። ማማም የእንጨቱ ቁጠባ ደስ አላቸው።

እሑድ ነው እንግዲህ ባባ ከነአቧራቸው ከወጥ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት።

የድስቱን ስብርባሪ እየሰበሰብኩ ሳለሁ የመጻሕፍቱን ክፍል በር ሲከፍቱ ሰማሁ።   ሄድኩ። ባባ ከመደርደሪያው ፊት ቆመዋል፤ ፍጡራኑ ሁሉ አፍጥጠው ያዩዋቸዋል፣ እሳቸውም ያዩዋቸዋል።

«ልጄ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰይጣን ያለበት ይውጣ ስለተባለ ነው፣ ባባ።»

«እኮ! ሰይጣኖቹማ እነዚህ ናቸው!»

«እነዚህማ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። እንዲያውም ትርፍ ያላቸው አሉ።» ሕጉን አስረዳኋቸው። የኔታን፣ ግድግዳውን፣ መልአኩን ሁሉ።

«ጎበዙ እኮ ኮከብ ለማየት ነው ዞር ያለው!»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን ዞር ይላል ባባ? ኮከቡ አይሸሽ።»

 ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር፤ ተቆጥተውኝ ስለማያውቁ እንዴት እንደሚቆጡ ጠፋባቸው መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ተነሥተው የመደርደሪያውን ጥግ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ጀርባውን የሰጠውስ?»

እሱን አሁን ነው የማስታውሰው። ሽፋኑ ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ሁለት ጨረቃ ያያል። ሌላ ምንም የለም፤ የሚፈነዳ የለም፣ የሚጮኽ የለም። ሰው ሆኖ አንድም ዓይን ስላላሳየኝ ሳላመነታ ነበር የወረወርኩት። ባባ ነገሩኝ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ነው። የታመመ መርከበኛ ወደቡ ላይ ውኃ ሲያቀርቡለት የሰጣቸው። እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል እየጠየቁ ትርጉሙን በዓረብኛ በእርሳስ ከሥሩ ጽፈውበታል፤ እንግሊዝኛ የለመዱት ከእሱ ነው። የጅዳው እንግዳም ሥዕሉን በስልክ አይቶ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ ሌላ ቦታ አይቶት አያውቅም። እንግዳው ከወደዳቸው ጂዛን ከተማ ውስጥ ሽፋኖቹ ሁሉ በአዳራሽ ይሰቀላሉ፣ ከሥራቸው «የያሕያ መጻሕፍት» ተብሎ ይጻፋል።

«ልጆቼን እጠራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ገብተው እንዲያዩ» አሉ።

ይህን ካሉኝ በኋላ እንኳን ሰይጣን፣ የሰይጣን አያት ቢሆን አስመልሳለሁ አልኩ።

ተንነው ካልሄዱ በእግር ነው የሄዱት። በእግር ከሄዱ ደግሞ እግሩን ማን እንዳፍታታ አውቃለሁ። ስልኬን አነሣሁ።

«እኔ?» አለች ጥሩዬ። «እኔ የማርያምን ዳቦ የበላሁ፣ የሰይጣን ሥዕል በቦርሳዬ?» ዘጋችብኝ። እትዬ ዘነቡ «ልጄ፣ ደካማ ሴት ትጠረጥሪያለሽ?» ብለው እስከ ሰባት ትውልድ ንጽሕናቸውን ነገሩኝ። የሺ አለቀሰች። ሌሎቹም እንዲሁ፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም ቅር የተሰኘ።

ያኔ ማስተዋል መጣልኝ። በአገራችን ወሰደ የሚባል ሰው የለም፤ አገኘ የሚባል ግን ሞልቷል። እንደገና ደወልኩ። «ማን ወሰደ አላልኩም። ምናልባት ያገኘ ሰው ካለ ነው።»

«እ! እንደሱ በይኛ! ማግኘትማ አግኝቻለሁ!» አለች ጥሩዬ። ያገኘቻትን ባለ ጭልፋዋን ሴት የት አደረሰቻት መሰላችሁ? ለልብስ ሰፊ! ለገና ቀሚስ እንዲሰፋላት ሥዕሉን ወስዳ ሰጥታዋለች። ሰፊው የመናዊ ሽማግሌ ነው፤ መጽሐፉን አገላብጦ «ልጄ፣ ይህ ጨርቅ አይደለም፤ ይህ የብየዳ ሥራ ነው» ብሎ ለብረት ቤት ልኳታል። ብረት ቤቱ ልኬት እየጠየቃት ነበር የደረስኩባት።

እትዬ ዘነቡ ያገኙትን ከፍየል በረቱ በር ላይ ሰቅለዋል። በዓሪዳ ዝንጀሮ ፍየሉን ባይበላም መኖውን አያስቀምጥም። ሰይጣን የተባለ ሥዕል ዝንጀሮውን ያስፈራዋል ብለው ነው። «ዝንጀሮው አልፈራም እኮ ልጄ» አሉኝ። «መጣ፣ ቁጭ አለ፣ አየው አየው። በማግስቱ ሚስቱን ይዞ መጣ።» አንዱን ጥግ ነክሶላቸዋል።

የሺ ግን... የሺ ያገኘችው ባለ ብርጭቆውን ነው። በስልኳ አንሥታ ለእናቷ ልካዋለች። እጮኛዬ ነው ብላ።

«የሺዬ! ብርጭቆውን ምን አልሻቸው?»

«ጂዛን ሙቀት ነው፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ኤሲ ነው አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«ልጄ በብርድ ነው የሚኖረው ብላ ጋቢ እያስፈተለችለት ነው።»

መጽሐፉን ለመመለስ የሺ መጀመሪያ እጮኛዋን መፍታት ነበረባት። ረቡዕ ለእናቷ ደውላ «ትቼዋለሁ፣ ጠባዩ ተበላሸ» ስትላቸው እናትየዋ «እኔም ሳየው ወደ ጎን ነበር የሚያየው፤ ዓይኑ ሌላ ቤት ነው ብያለሁ» አሉ። እናት ናት እንጂ ሕጉን የሚያውቅ!

ሐሙስ ከአስር በኋላ፣ ሁሉም ያገኙትን በዓባያቸው ሥር ደብቀው በጀርባ በር እንዲገቡ ተስማማን። እንግዳው በፊት በር ነው የሚገባው፤ አይገናኙም። ዕቅዱ ሰማያዊ ነበር። ግን የጀርባው በር ከፊተኛው ጋር በአንድ መንገድ ነው የሚደረሰው፣ ይህን እዚህ ቤት ስኖር ልብ ብዬ አላውቅም።

እንግዳው ከመኪናው ሲወርድ ምን አየ? ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ ክንዳቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መጽሐፉ እንዳይወድቅ በእርጋታ እየተራመዱ ወደ ቤቱ ሲገቡ። እትዬ ዘነቡ ዳገት ስለደከማቸው ያቃስታሉ። ሰውየው ጫማውን ገና ሳያወልቅ የባባን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «አላህ ምንዳህን ያግዝፈው፣ ሟቹንም ይማረው» አለ።

ባባ ጨዋ ሰው ናቸው። ለሐዘን ቃል መልስ አለመስጠት ነውር ስለሆነ «አሜን፣ አላህ ይባርክህ» አሉ። ማማ ደግሞ ተምሩን ይዘው ከመጋረጃው ኋላ ቆመው ይሰማሉ። ሟች! ባባም አሜን ብለዋል! ባባ ዒዳቢ የሄዱት ታላቅ ወንድማቸውም ታምመው ስለነበር ነው፤ ማማ ሳሕኑን ለቀው አንድ ጩኸት ጮኹ፣ ከመጻሕፍቱ ሴቶች አንዷም እንዲያ አልጮኸችም። ጎረቤት መጣ። ጎረቤት ሲመጣ ጥሩዬ በጀርባ በር ገብታ ለቅሶ ሰማች፤ ለቅሶ ሰምቶ ዝም ማለት አልለመድንም፣ ደረቷን ስትመታ ዓባያው ተፈታ፣ ከውስጡ የጭልፋዋ ሴት ወለሉ ላይ ዱብ አለች፣ ፊቷ ወደ ላይ። ማማ ለቅሷቸውን አቋርጠው አዩዋት።

«ይቺ አልተቃጠለችም?»

«ማነው የሞተው?» አሉ ባባ።

«አንተ ነህ አሜን ያልከው!»

«እኔማ እንግዳ አክብሬ ነው!»

ወንድምየው ዘንድ ተደወለ። ራሳቸው አነሡት። ለቅሶ ላይ ነን ሲባሉ «ለማን? እመጣለሁ» አሉ። ነገሩ እስኪበርድ ተምሩም ሻይም አለቀ።

በዚህ መሐል ሰዎቹን በየቦታቸው መለስኳቸው። ጎበዙን፣ የብረቱን ሰው፣ ባለ ብርጭቆውን፣ የሚጮኹትን፣ ዝንጀሮ የቀመሰውን። አንዳንዷ ሦስትም አራትም ነበር ያገኘችው። እንግዳው ገብቶ ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እንዲያ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እያንዳንዱን ሥዕል ቆሞ ያያል፣ ቀለሙን ያደንቃል፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል። ዝንጀሮ የነከሰውን ጥግ እንኳን «ዕድሜ እንዴት ያምራል» አለው። ባባ ከኋላው ይከተሉታል፤ ቁመታቸው ጨምሯል። ልጆቻቸውም በሩ ላይ ቆመዋል። አንዳቸውም ጂኒ አላሉም። ማማ ብቻ ባለ ሦስት ዓይኑን ጻድቅ ሲያዩ «አንቺ ልጅ፣ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ።

ከዚያ ሰውየው መደርደሪያው ጥግ ደረሰ። አንድ መጽሐፍ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ።

«ጀርባውን የሰጠውስ?» አለ። «እሱን ከፊት አድርጌ ነበር አዳራሹን ያሰብኩት። የአንተ የእርሳስ ጽሑፍ ያለበትን። እሱ ከሌለ የማንም ሰው መጻሕፍት ነው የሚሆነው።»

ከወጥ ቤቱ በር ሴቶቹን አየኋቸው። ሁሉም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዓባያዋ ሥር የምታወጣው የቀራት አልነበረም።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ስሜ እስኪጠራ ጠበቅሁ። ባባ ያሕያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መንገድ ሄዷል። ይመለሳል» አሉ።

እንግዳው ፈገግ አለ። «እንግዲያው ከዒድ በኋላ እመጣለሁ። ያኔ ከመጣ ሁሉንም እንሰቅላለን።» ካልመጣስ አላለም። ባባም አልጠየቁም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ቀን ስለ መጽሐፉ አላነሡብኝም፤ ጠዋት ጠዋት ግን ያን ጥግ በመዳፋቸው ሲዳስሱ አያለሁ።

ይህን የምጽፈው ታዲያ ለሳቅ ብቻ አይደለም። የዚያን አርብ ማርያም እኛ ዘንድ ለነበራችሁ ነው፤ ስማችሁን ለማላውቃችሁ በተለይ። ትንሽ መጽሐፍ ናት፤ ከየቃሉ ሥር ዓረብኛ በእርሳስ ተጽፎባታል፤ ሽፋኗ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሩቅ ያያል። ለምን እንደወሰድሽው፣ ይቅርታ፣ ለምን እንዳገኘሽው አልጠይቅሽም። ይገባኛል። ከእኛ መሐል ሥራ ጨርሳ ማታ ጣራ ላይ እንደዚያ ያልተቀመጠች ማን አለች? እኔም ቀድሜ በቅጡ አይቼው ቢሆን ኖሮ ካርቶን ውስጥ አልወረውረውም ነበር፤ አልጋዬ ሥር ነበር የማስቀምጠው።

ግን እህቴ፣ አንድ ሽማግሌ ስለ እኔ ብለው በልጆቻቸው ፊት «ይመለሳል» ብለዋል። ቃላቸውን እንዳትሰብሪብኝ። ከዒድ በፊት በጀርባ በር ነይና ከጋዙ ሲሊንደር ኋላ አስቀምጪው። ደወል አትደውዪ። እኔም ማን እንደሆነች ለማየት አልወጣም።